የትናንቱ የእኛ ልጅ በተጋጣሚ ማልያ ሲመጣ

በነቀምቴ ግጥሚያ ባለበት እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የቡናው ሲኒ በቅጡ ሳይለቀለቅ የቤቱ ሰው ግማሹ ወደ ኳስ ሜዳ መውጣቱ የተለመደ ነው። በጊምቢም፣ በደምቢ ዶሎም፣ በሻምቡም፣ በነጆም ቢሆን እንዲሁ ነው። አባት ከባልደረቦቹ፣ ልጆች ከሰፈር እኩዮቻቸው ጋር ተያይዘው ይሄዳሉ፤ እናቶችና ሠራተኛ እህቶችም ነጠላቸውን አጣፍተው አብረው ሲወጡ ይታያሉ።

ውድ አንባቢያችን፣ እርስዎም ከነዚህ አንዷ ከሆኑ ምናልባት የሚከተለው ገጥሞዎት ይሆናል። ሁለቱ ቡድኖች ወደ ሜዳ ሲገቡ ከተጋጣሚው ሰልፍ መካከል አንድ የሚያውቁት ፊት ብቅ ይላል። ያ ወጣት ባለፈው ዓመት የእናንተን ከተማ ማልያ ለብሶ ይጫወት የነበረ ነው። ግብ ባገባ ቁጥር ልጅዎ ስሙን እየጠራ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኾለታል፤ በሰፈር ኳስ ሲጫወትም «እሱን የምሆነው እኔ ነኝ» እያለ ከጓደኞቹ ጋር ተከራክሯል። ዛሬ ግን ያው ወጣት የሌላ ከተማ መለያ ለብሶ በእናንተው በረኛ ላይ ግብ ሊያገባ መጥቷል። ከኋላዎ አንድ ጎልማሳ «ከሃዲ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሌላው ይቀበለዋል፤ ስድቡም ከተጫዋቹ አልፎ ወደ እናቱ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ልጅዎ ቀና ብሎ ያየዎታል። ያጨብጭብ ወይስ ይሳደብ? መልሱን የሚጠብቀው ከእርስዎ ነው።

የዛሬው ዓምዳችን ስለዚያች ቅጽበት ሊያወያይዎ አስቧል። ነገሩ የኳስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለስፖርት ገጽ በተውነው ነበር። ዳሩ ግን ከእኛ ዘንድ ወጥቶ ወደ ሌላ ስለሄደ ሰው ልጆቻችን ምን እንዲያስቡ እንደምናስተምራቸው የሚታይበት በመሆኑ የቤተሰብም ጉዳይ ነው።

ቅሬታው እውነተኛ ነው

ከሁሉ አስቀድሞ የልጁን ኀዘን አቃልለን ልናየው አይገባም። «ኳስ ነው እኮ፤ ይህ ምን ያስለቅሳል?» ብለን የምናልፈው ከሆነ ልጁ ኀዘኑን መደበቅን ይማራል እንጂ ኀዘኑ አይቀርለትም። ለ10 ዓመት ልጅ ተወዳጁ ተጫዋች በየሳምንቱ የሚጠብቀው ዘመድ ያህል ነው። አረማመዱን ይኮርጃል፤ ፀጉሬን እንደሱ ካልተቆረጥኩ ይላል። እናትም ከወር አስቤዛዋ ቀንሳ የዚያን ተጫዋች ቁጥር የያዘ ማልያ ከገበያ ገዝታለታለች። እንግዲህ ተጫዋቹ አንድ ክረምት ላይ ድንገት ሲሄድ ልጁን ያማከረው የለም። ማልያው ቀረ፤ ቁጥሩ ሌላ ሰው ጀርባ ላይ ሆነ።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ከዚህ ስሜት ነፃ አይደሉም። በዝናብና በፀሐይ ቆመው የደገፉት፣ ሲጎዳ የተጨነቁለት፣ ስሙን በየቡና ቤቱ ያነሡለት ሰው በሌላ መለያ ሲታይ ሆድ ያባባል። ስለሆነም ቅር መሰኘቱ አያስወቅስም። ሊታሰብበት የሚገባው ቅሬታው በምን መልክ ከአፋችን እንደሚወጣ ነው።

ተጫዋቹም ሠራተኛ ነው

በአገራችን ክለቦች የተጫዋቾች ውል በአብዛኛው የ1 ወይም የ2 ዓመት ነው። የውድድሩ ዘመን አብቅቶ ክረምቱ ሲገባ ውሉ ያለቀበት ተጫዋች ወይ በነበረበት ክለብ እንደገና ይፈርማል፣ ወይ ወደ ሌላ ክለብ ይዛወራል፣ ወይም ክለቡ ራሱ ያሰናብተዋል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ደጋፊ ይዘነጋዋል። ክለቡ ውሉን ሳያድስለት የቀረውን ወጣት «ጥሎን ሄደ» ብሎ መውቀስ ከሥራ የተቀነሰን ሠራተኛ ሥራውን ንቆ ሄደ ብሎ እንደ መክሰስ ይቆጠራል።

ከዚህም በላይ የኳስ ተጫዋች የሥራ ዘመን አጭር ነው። መምህርም ሆነ የቢሮ ሠራተኛ እስከ ጡረታ ድረስ በሙያው ሊያገለግል ይችላል። አብዛኛው ተጫዋች ግን 35 ዓመት ሳይሞላው ከሜዳ ይሰናበታል። ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ከተጎዳ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት በሚያገኘው ደመወዝ ወላጆቹን ይጦራል፤ ታናናሾቹን ያስተምራል፤ የራሱንም ጎጆ ይቀልሳል። የተሻለ ውል ሲቀርብለት እንቢ እንዲል የምንጠብቅበት ከሆነ፣ እኛ በእሱ ቦታ ብንሆን ምን እናደርግ እንደነበር ራሳችንን መጠየቅ ይኖርብናል።

እስቲ ወደ ራሳችን መሥሪያ ቤት እንመለስ። ከጊምቢ ወደ ነቀምቴ በተሻለ ደመወዝ የተቀጠረችን ነርስ ከሃዲ የሚላት የለም። ከነጆ ወደ አዲስ አበባ የተዛወረ መምህር ለዕረፍት ሲመለስ ቡና ተፈልቶ፣ ወቅቱም ከሆነ አንጮቴ ተቀቅሎ ይጠበቃል። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ደህና መጣህ» ይለዋል። ታዲያ የእግር ኳስ ተጫዋቹ ከዚህ በምን ይለያል? የሚለየው ሥራውን በአደባባይ በመሥራቱና ተመልሶ በሚመጣበት ቀን ሥራው እኛን ማሸነፍ በመሆኑ ብቻ ነው።

የወለጋ ከተሞች ልጆቻቸውን ወደ ሩቅ መላክን ያውቁታል። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በስፖርትም ከፍ ካለ ደረጃ መድረስ የፈለገ ልጅ በባኮና በአምቦ በኩል የሚያልፈውን መንገድ መያዙ ብዙ ጊዜ የማይቀር ነው። ነቀምቴ የተወለደው ሯጭ ድሪባ መርጋ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ ማራቶን 4ኛ ከወጣ በኋላ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. የቦስተንን ማራቶን ያሸነፈው ከተወለደበት ከተማ ርቆ በመሄዱ ነው። በእሱ መሄድ ነቀምቴ አልከሰረችም፤ ስሟ በእሱ ተጠራ።

የሎዛ አበራ መንገድ

በሴቶች እግር ኳስ ደግሞ የሎዛ አበራን ሕይወት መመልከት ይጠቅማል፤ በተለይም ኳስ የምትወድ ሴት ልጅ ላላቸው እናቶች። ሎዛ የተወለደችው በከምባታ፣ በዱራሜ ከተማ ነው። ከዚያ ወደ ሐዋሳ ከተማ ቡድን ገባች፤ ከሐዋሳ ወደ ደደቢት ተዛወረች፤ ቀጥላም ለአዳማ ከተማ ተጫወተች። በ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ባሕር ተሻግራ በማልታ ለቢርኪርካራ ተሰለፈች። ወደ አገሯ ተመልሳ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ማልያ ለበሰች፤ በኋላም አሜሪካ ሄዳ በዋሽንግተን ለዲሲ ፓወር ክለብ ፈረመች።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ሐዋሳ፣ ደደቢት፣ አዳማና ንግድ ባንክ በአንድ ሊግ ውስጥ የተጫወቱ ቡድኖች ናቸው። ስለዚህ ትናንት አንድ መኝታ ክፍል ያደሩ፣ ከአንድ ትሪ የበሉ እህቶች ከአንድ ዝውውር በኋላ በሜዳ ላይ ተፋጥጠው መቆማቸው በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሐዋሳ ውስጥ ስሟን እየጠራች ያደገች አንዲት ታዳጊ፣ ሎዛ በሌላ መለያ ስትመጣ ምን ተሰምቷት ይሆን? መከፋቷ አይቀርም። ነገር ግን ሎዛ ከዱራሜ ባትወጣ ኖሮ ሐዋሳ ባላወቀቻት፣ ከሐዋሳም ባትወጣ ኖሮ ያቺ ታዳጊ ኢትዮጵያዊት ሴት በማልታና በዋሽንግተን ኳስ ተጫውታ መኖር እንደምትችል ባላየች ነበር።

ሁለት ከተሞች፣ ሁለት ዓይነት አቀባበል

በሌላውም ዓለም ይህ ጉዳይ ሕዝብን ሲያስለቅስም ሲያሳብድም ታይቷል። ፖርቱጋላዊው ሉዊስ ፊጎ በስፔን ለባርሴሎና 5 ዓመት ተጫውቶ በእጅጉ ከተወደደ በኋላ በ1992 ዓ.ም. ክረምት ወደ ዋነኛው ባላንጣ ወደ ሪያል ማድሪድ ተዛወረ። ጥቅምት 11 ቀን 1993 ዓ.ም. ወደ ባርሴሎና ሲመለስ የጠበቀው ፉጨትና ስድብ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1995 ዓ.ም. ደግሞ የማዕዘን ምት ሊመታ በቀረበ ቁጥር ጠርሙስና ሌላም ዕቃ ይወረወርበት ስለነበር ዳኛው ጨዋታውን ለጊዜው አቋርጦታል። ከተወረወሩት መካከል የአሳማ ጭንቅላት ተገኝቷል። በዚያ ስታዲየም ከአባቶቻቸው ጋር የመጡ ሕፃናትም ነበሩ።

ሁለተኛው ታሪክ ከካናዳ ነው። በዚያ አገር እጅግ የሚወደደው ጨዋታ ሆኪ ይባላል፤ ከእኛ የገና ጨዋታ ጋር የሚመሳሰል፣ ነገር ግን በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ጫፉ በታጠፈ ዘንግ የሚጫወቱት ነው። ዌይን ግሬትስኪ የተባለው ተጫዋች ለኤድመንተን ከተማ 4 ጊዜ ዋንጫ ካስገኘ በኋላ ነሐሴ 3 ቀን 1980 ዓ.ም. ቡድኑ ለአሜሪካው የሎስ አንጀለስ ቡድን አሳልፎ ሰጠው። ግሬትስኪ በጋዜጠኞች ፊት አለቀሰ፤ ከተማይቱም አብራው አዘነች። ጥቅምት 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በተጋጣሚ ማልያ ወደ ኤድመንተን ሲመለስ ግን ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ በጭብጨባ ተቀበለው። ቀጥሎም የገዛ ቡድኑ ተጫውቶ 8 ለ 6 አሸነፈው፤ ሕዝቡም በዚያ ተደሰተ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1981 ዓ.ም. ክረምት ኤድመንተኖች ሐውልት አቆሙለት። ሐውልቱ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ጥቅምት 5 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ ግሬትስኪ ለሎስ አንጀለስ ሲጫወት የጎርዲ ሃውን የ1,850 ነጥብ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የሰበረውም በኤድመንተን ሜዳ፣ በኤድመንተን ቡድን ላይ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ባገባት የአቻነት ግብ ነበር። በተጨማሪው ሰዓት ደግሞ የማሸነፊያውን ግብ እሱው አገባ። ክብረ ወሰኑ ሲሰበር ያ ግብ የተቆጠረበት ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበለት።

እርግጥ ሁለቱ ሁኔታዎች ፍጹም አንድ አይደሉም። ፊጎ የሄደው ወደ ባላንጣ ነው፤ ግሬትስኪን ደግሞ የሰጠው ቡድኑ ነው። ቢሆንም የኤድመንተን ሰዎች አንድ ነገር አሳይተውናል፤ ለራስ ቡድን ድልን መመኘትና ለአንድ ሰው ያለፈ ውለታ ክብር መስጠት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሊያድሩ ይችላሉ።

ባንዲራ ሲለያይ

ይህ ጥያቄ በቴሌቪዥን በኩል ወደ የቤታችን የሚገባበት ጊዜም አለ። ነሐሴ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ በሴቶች 10,000 ሜትር ሦስት ኢትዮጵያ የተወለዱ ሴቶች ተከታትለው ገቡ። ወርቁን ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን፣ ብሩን ለባሕሬን የምትሮጠው ቃልኪዳን ገዛኸኝ፣ ነሐሱን የኢትዮጵያዋ ለተሰንበት ግደይ ወሰዱ። ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ሲፋን ሐሰንና የእኛዋ ትዕግስት አሰፋ በመጨረሻዎቹ መቶ ሜትሮች ጎን ለጎን ሮጡ፤ በክርን ተነካኩ፤ ሲፋን በ3 ሰከንድ ቀደመች። የኢትዮጵያ ወገን ያቀረበው ክስ ተቀባይነት አላገኘም።

በዚያን ቀን ስንት ልጅ «እማዬ፣ ሲፋን የማን ናት?» ብሎ ጠይቆ ይሆን! ሲፋን የተወለደችው አዳማ ነው፤ በ15 ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድ ገባች፤ ሯጭ ሆና የወጣችውም በዚያው ነው። ለትዕግስት ከልብ መጮኽ፣ በመቀደሟም መቆጨት የማንኛውም ኢትዮጵያዊ ቤት ወግ ነው። ይሁንና በ15 ዓመቷ አገሯን ጥላ የወጣችን ልጅ መራገም ለትዕግስት ሦስቱን ሰከንድ አይመልስላትም። ልጁም ከዚያ እርግማን የሚማረው፣ ከቤት የወጣ ሰው ሁሉ ጠላት ይሆናል የሚለውን ነው።

ከእኛው ባህል

ይህን ለማስተማር ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ማሳደግ ማለት ነው። ቃሉ በወለጋ ቤቶች ሥር ሰዶ የኖረ፣ በኋላም በአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ ውስጥ የገባ ነው። በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ያሳደገውን ቤት ልጅ ሆኖ ይኖራል፤ የወለደችው እናት ግን በመንገድ ስታገኘው ፊቷን አታዞርበትም።

የመልስንም ሥርዓት እንውሰድ። የተዳረች ልጅ ከሠርጉ በኋላ ወደ ወላጆቿ ቤት ተጠርታ ስትመጣ የምትቀመጠው ከሙሽራው ወገን ጋር ነው። «ለምን ከነሱ ጋር ተቀመጠች?» ብሎ የሚቆጣ አባት የለም፤ ፍሪዳ ይታረድላታል እንጂ። በገና ጨዋታም ቢሆን ሰፈር ለሁለት ተከፍሎ፣ ወንድም ከወንድሙ፣ ሎሌ ከጌታው ተቃርኖ ይጋጠማል። በሜዳው ላይ በሆነው ነገር መቀየም ነውር ነው፤ ጨዋታው ሲያበቃ ሁሉም ወደ አንድ ማዕድ ይገባል።

ለእናቶች ጥቂት ምክር

እንግዲህ በሚቀጥለው ግጥሚያ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምዎ ምን ያደርጋሉ?

አንደኛ፣ ልጁ ካዘነ ይዘን። «በጣም ትወደው ነበር፣ አይደለም?» ብለው ይጠይቁትና ያውራ። ከዚያ ስለ ሥራ ይንገሩት። እርስዎ ወይም አባቱ መሥሪያ ቤት ቀይራችሁ ከሆነ ያንን ምሳሌ ያድርጉ፤ አዲሱን ሥራ ስትጀምሩ የድሮ ባልደረቦቻችሁን እንዳልጠላችኋቸው ይንገሩት።

ሁለተኛ፣ የድሮውን ማልያ ከመጣልና ከማቃጠል ይቆጠቡ። ታጥቦ ይቀመጥ፤ ወይም ለታናሽ ይተላለፍ። የነበረው ደስታ እውነተኛ ስለነበር ማልያውም ክብር ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ ጊዜውን መለየት ያስተምሩት። ተጫዋቹ ወደ ሜዳ ሲገባ ላለፈው ሥራው ይጨብጨብለት። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ግን ድጋፉ ሁሉ ለራሱ ቡድን ይሁን፤ ያ ተጫዋች ኳስ ቢስት ልጁ ቢደሰት ምንም ነውር የለበትም። የተከለከለው ስድብ፣ ውርወራና የሰውን ዘር፣ ሃይማኖት ወይም እናት አንሥቶ መናገር ነው።

አራተኛ፣ በአጠገብዎ ያለ ትልቅ ሰው ቢሳደብ ዝም አይበሉ። በትሕትና «ወንድሜ፣ ልጆች አሉ» ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ስታዲየም ውስጥ የአንዲት እናት ድምፅ ይከበራል።

ተጫዋቹም ግዴታ እንዳለበት ለልጁ መንገር ተገቢ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንክ ላምፓርድ 13 ዓመት በተጫወተበት በቼልሲ ላይ መስከረም 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ለማንቸስተር ሲቲ ተሰልፎ ግብ ሲያገባ ደስታውን አልገለጸም። የድሮ ደጋፊዎቹን ከማበሳጨት መቆጠቡን ሕዝቡ ተረድቶለታል። ያገለገለበትን ከተማ ሕዝብ እየተሳለቀ የሚሄድ ተጫዋች ግን ቅሬታ ቢደርስበት ራሱ የጠራው ነው። በክብር መሄድና አዋርዶ መሄድ የተለያዩ መሆናቸውን ልጆች ለይተው ሊያውቁ ይገባል።

ውድ አንባቢያችን፣ የዛሬው ልጅዎ ነገ በየትኛው ከተማ ሠርቶ እንደሚያድር አያውቁም። ሴቷ ልጅዎ በአዳማ ወይም በሐዋሳ ቡድን ተሰልፋ የነቀምቴን ልጆች ለመግጠም ትመጣ ይሆናል፤ ወይም ነርስ፣ መሐንዲስ፣ ነጋዴ ሆና ከሌላ ወገን ጋር ቆማ ታገኟት ይሆናል። በዚያን ቀን ወደ ሜዳው ስትገባ ከሕዝቡ መካከል ስሟን በፍቅር የሚጠራ አንድ ሰው እንኳ እንዲኖር ይመኛሉ። ያ ሰው የሚያድገው ዛሬ ከአጠገብዎ ተቀምጦ የእርስዎን አፍ በሚያይ ልጅ ውስጥ ነው።